ግንባር ላይ የተጻፈ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር አለ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኑዌሮች ናቸው። ስሙን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ «አዲስ አገር» አልኩና ለራሴ ሳቅኩ፤ እዚያ ካየሁት ሁሉ አዲስ ሊባል የሚችለው የቤቶቹ ቆርቆሮ ብቻ ነበርና። ሙቀቱ የጥንት ነው። የከብት ፍቅሩ የጥንት ነው። ከጎረቤት ጋር ያለው ቁርሾም፣ አልፎ አልፎ ደም የሚያፈሰው፣ የትናንት አይደለም።

ወደዚያ የወሰደኝ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ የተጠራ የሁለት ቀን ስብሰባ ነበር። ስብሰባው እንደ ስብሰባ አለፈ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ ብጽፍ አንባቢን መበደል ይሆንብኛል። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት አንድ ልጅ (ልጅ እላለሁ እንጂ ዛሬ እሱም የልጆች አባት ነው) ሆቴሌ ድረስ መጣና «መምህር፣ ሰፈሬን ሳያዩ አይሄዱም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቤት» አለኝ። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊት ናት፤ እኔ ደግሞ ያደግሁት ደብረ ታቦር፣ ከቅዳሴና ከማኅሌት ደጅ ነው። ይሁን እንጂ የተማሪ ግብዣ እምቢ አይባልም፤ ሄድኩ።

ስገባ ከበሮ ተቀበለኝ። እኔ የዋሁ ደገኛ ከበሮ ለክርስቶስ የሚመታው እኛ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር! «መጽሐፍ ብቻ» የሚሉ ሰዎች አዳራሻቸው ነጭ ግድግዳና አንድ አትሮንስ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ሴቶቹ እየዘመሩ ሲወዛወዙ አዳራሹ አብሮ ይወዛወዛል። ዜማው ከአሜሪካ የመጣ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። «ይህ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» ብዬ ተማሪዬን ልቆነጥጠው አሰብኩና ተውኩት።

ሰባኪው ወጣት ነበር። ግንባሩ ልሙጥ ነው። ያነበበው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሲሆን፣ ተማሪዬ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ቁጥር 28 ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ገላን መቁረጥንና መነቀስን የሚከለክለው ቃል ነው። «እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ግንባር አታስቆርጡ» አለ።

የሚናገረው ኑዌሮች በቋንቋቸው «ጋር» ስለሚሉት ነገር ነው። ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ግንባሩ ላይ በስለት ይሰመርበታል። ቃሉ በእኛ ፊደል ሲጻፍ «አብሮ» የምንልበትን ቃል መሰለኝ። የእኛ ትርጉም እዚያ ባይሠራም፣ ነገሩ ሲታሰብ ብዙም አልራቀም፤ የተሰመረበት ሰው ከእኩዮቹ ጋር አንድ ቀን፣ በአንድ ስለት ሰው ሆኗልና። ከፊት ወንበር ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ ስድስቱም መስመር ግንባራቸው ላይ እንደ ታረሰ ማሳ ተዘርግቷል። ሰባኪው «አታስቆርጡ» ባለ ቁጥር እሳቸው ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ስብከት አልሰማሁም። ልቤ ደብረ ታቦር ገብቶ ነበር።

*

እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል ነበራት። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች አንዲት ነቃሽ በመርፌና በጥላሸት ነቅሳታለች። «ለሦስት ቀን ፊቴ አብጦ ነበር፤ ግን አላለቀስኩም» እያለች ታጫውተን ነበር። ለምን እንደተነቀሰች ስንጠይቃት መልሷ አጭር ነው፤ «ክርስቲያን መሆኔ እንዲታወቅ ነዋ!» እንደሷ ያሉ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በጎጃምና በወሎ ስንትና ስንት እናቶች አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት ወደ ቤት መጣሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እግዜርንም ቢሆን ለማረም ያሰፈስፋል። በዚያን ጊዜ የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር እያነበብኩ ነበር፤ ከእምነት ይልቅ ለክርክር እንደሚሆነኝ አድርጌ። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ፣ እናቴ ስለ አንድ ነገር «አባቶቻችን ያቆዩት ነው» አለች። እኔም ብድግ ብዬ መጽሐፉን አመጣሁ። «እማዬ፣ አባቶችሽ ያቆዩትን ተዪውና የተጻፈውን ስሚ» አልኩና ይችኑ ቁጥር አነበብኩላት።

ጎረቤቶቹ ዝም አሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። እጇን ወደ ግንባሯ ላከች፤ እዚያው ትንሽ አቆየችው። «እንግዲያ ሳላውቅ ኖሯል» አለችና ቡናውን ቀዳች።

ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ ዝቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም፣ ገበያ ስትወጣም፣ እቤትም። እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ነበረች። በልጆቼ ክርስትና፣ በእህቴ ሠርግ፣ በየፎቶው ላይ ያለችው እናቴ ግንባር የላትም። እኔ ነኝ የሸፈንኩባት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላ ጊዜው አለፈ።

*

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በተማሪዬ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሻይ መጣ፤ ኮፕ የሚሉት በወተት የሚበላ የእህል ምግብም መጣ። እኚያ አዛውንት ከእኛ ጋር ናቸው። ሆዴ አላስችል ብሎኝ በተማሪዬ በኩል ጠየቅኳቸው፤

«አባቴ፣ የዛሬውን ስብከት እንዴት አገኙት?»

«መልካም ሰበከ። የልጅ ልጄ ነው።»

ሻዩ ትን ሊለኝ ምንም አልቀረው። «የሰበከው እኮ ስለ እርስዎ ግንባር ነው!»

«አዎ፣ ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ሳይቸኩሉ ቀጠሉ። ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ በኑዌርኛው አዲስ ኪዳን ነው። (አዲስ ኪዳን በኑዌርኛ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1999 ነው የታተመው።) ኦሪት በገዛ ቋንቋቸው ሲመጣ መጀመሪያ ያነበቡት ይችኑ ቁጥር ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለሷ ሲነግራቸው ኖሯልና። «መጽሐፉ ስለ ሞተ ሰው ብላችሁ ገላችሁን አትቁረጡ ነው የሚል። እኛ ስለ ሞተ ሰው አልተቆረጥንም። አባቴ ሰው ሁን ብሎ ነው ያስቆረጠኝ። በሬ ሰጠኝ፤ በበሬው ስም ተጠራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላም አላለብኩም፤ ያ የልጅ ሥራ ነውና። ይህ ለሕይወት ነው፤ ለሞት አይደለም።»

እኔ በልቤ «እኚህ ሰው አንድምታ ቤት ሳይገቡ አንድም እያሉ ነው» አልኩ። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ሲፈቱ «አንድም» እያሉ ሌላ ፍቺ ይጨምሩበታል፤ ያንን ሁሉ ፍቺ ለብዙ ዘመን በቃል ይዘው፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እያቀበሉ ነው ያቆዩት። የሚገርመው ነገር፣ «ትውፊት የለንም፤ መጽሐፍ ብቻ» በምትል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የዚያኑ ሥራ ሲሠሩ ማግኘቴ ነው።

በዚህ መሀል ሰባኪው መጣ። ለአያቱ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ተቀመጠ። አያቱ ያሉትን ነገርኩት። አማርኛው ጥሩ ነው፤ «አውቃለሁ መምህር፤ ቁጥሩ ስለ ሙታን እንደሚናገር አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ሰበክህበት?»

መልሱ ወዲያው አልመጣም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የአጎቱ ልጅ እዚያ ነበር። በእነዚያ ቀናት ኑዌሮች በዘራቸው እየተለዩ ተገድለዋል። «መታወቂያ አልጠየቁትም። ግንባሩን ነው ያዩት» አለኝ። «እዚህም ግጭት ሲነሳ ግንባርህ ስምህን ይናገራል። ልጆቻችን ላይ እንዳይጽፉባቸው ፈለግሁ። እኔ ብነግራቸው ልጅ ነህ ይሉኛል። መጽሐፉ ሲነግራቸው ግን ዝም ይላሉ።»

ተማሪዬ ይህንን ለአዛውንቱ ተረጎመላቸው። የልጅ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ተማሪዬ ከመተርጎሙ በፊት ትንሽ ቆየ።

«እውነቱን ብትነግረን ኖሮም ዝም እንል ነበር።»

*

በመጽሐፍና በትውፊት መካከል ያለውን ጉዳይ ስናነሳ አንዱ ወገን የተጻፈውን፣ ሌላው ያልተጻፈውን ይዞ የሚሟገት ይመስለናል። ክርክሩ አገራችን ውስጥ የገባው ከሚሲዮኖች ጋር ነው ብለን የምናምንም ብዙ ነን። እንዲያ አይደለም። ማርቲን ሉተር ሳይወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ምጥማቅ ላይ ታላቅ ጉባኤ ተደርጓል። ጥያቄው ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚል ነበር። የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ዐሠርቱ ትእዛዛትን ይዘው ሰንበትን አንሽርም ሲሉ፣ በአንጻሩ የእስክንድርያ መንበር ልማድ ነበረ። ጉባኤው ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር ወሰነ። በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ልጆች ደግሞ ለሥላሴ ካልሆነ ለማንም አንሰግድም ብለው መከራ ተቀበሉ፤ ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» ብለው ታሪካቸውን በአማርኛ አቅርበውልናል። «የት ተጽፏል?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የገዛ ራሳችን ጥያቄ ነው፤ መልሱም በደም የተጻፈ ገጽ አለው።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን ድረስ ሄዶ ሉተርን አነጋግሮታል። «መጽሐፍ ብቻ» ያለው ሰውና የቅዳሴው ልጅ ተቀምጠው ስለ ሥርዓት ተጨዋወቱ፤ ሉተርም የሥርዓት መለያየት የእምነትን አንድነት አያፈርስም በሚል መንፈስ ነበር የሸኘው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1546፣ የካቶሊኮቹ የትሬንት ጉባኤ መጽሐፍንና ያልተጻፈውን ትውፊት በእኩል ክብር እንቀበላለን ብሎ ወሰነ። ግድግዳው ከፍ አለ፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ ብሎ ግድግዳውን ዝቅ አደረገው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ግድግዳው ድሮም እንዲህ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሰማንያ አሐዱ ብለን ከምንቆጥራቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ በአንደኛው አቆጣጠር፣ እንደ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ያሉ የሥርዓት መጻሕፍት ይገኙባቸዋል። ሌላው ዓለም ትውፊት ብሎ ከውጭ ያስቀመጠውን እኛ ከመጽሐፉ ጋር አብረን ቆጥረነዋል።

የቃላት ሰው ነኝና ቃላቱን ደግሞ እንያቸው። ትውፊት የሚለው ግዕዝ መነሻው ማስረከብ፣ ማቀበል ነው። በ1954ቱ ትርጉም ግን ወንጌላውያንም እኛም የምናገኘው ቃል «ወግ» የሚል ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን የሚወቅስባት ቃል ወግ ናት፤ ጳውሎስም በሁለተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክቱ «አጥብቃችሁ ያዙ» የሚለው ያንኑ ወግ ነው። ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሙሉው የወጣውና ብዙ የተሰራጨው «ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን» የተባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ወቀሳ ባለበት «ወግ»፣ ምስጋና ባለበት «ትምህርት» ብሎ ለያይቶታል። የእኛዎቹ ተርጓሚዎች እንዲያ አላደረጉም። ክፉውም ደጉም ወግ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ አንተው ለየው ብለው ተውልን። እኔም በየሳምንቱ እዚህ ዓምድ ላይ የምጽፈው ነገር ስሙ ወግ ነውና፣ ለዚህ ቃል ትንሽ አድልዎ ቢኖርብኝ ይቅር በሉኝ።

መጽሐፍስ ቢሆን ያለ ወግ የት ይገባል? አሜሪካውያኑ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮኖች ኑዌሮች ዘንድ ሲደርሱ ለእግዚአብሔር አዲስ ስም አላመጡም። «ኩዎዝ» የሚለውን፣ ሰዎቹ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ስም ወስደው መጽሐፉ ውስጥ አስገቡት። የመጽሐፉ ትልቁ ቃል ከትውፊት የተበደሩት ቃል ነው። የእኛ «እግዚአብሔር»ስ ቢሆን ሲፈታ የአገር ጌታ ማለት አይደለም? ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ላይ ከወንዞች ማዶ ስላለ ቁመተ ረጅም ሕዝብ የሚናገር ትንቢት አለ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ስትወጣ ብዙ ሰው «እኛ ነን» ብሎ አንብቦታል፤ ኒውላንድም ይህ ንባብ የታወቀ ነው። ደገኛው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ደገኛው ራሱ ግን እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለምትዘረጋው አገር በመዝሙረ ዳዊት ሲያነብ ለአፍታም አይጠራጠርም፤ «እኔ ነኝ» ይላል! በዕብራይስጡ ሁለቱም ቦታ ያለው ኩሽ የሚል አንድ ስም ነው። ማንም ሰው መጽሐፉን በባዶ ዓይን አያነብም። ዓይኑን ያቀበለው ሰው አለ።

*

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? ሁሉም በተቀበለው ዓይን የሚያነብ ከሆነ፣ ክፉውን ወግ ከደጉ በምን እንለየው? መልሱን ያገኘሁት ከጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን ከተማሪዬ ነው። አመሻሽ ላይ ወደ ሆቴሌ ሲሸኘኝ፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆመን ነገረኝ።

ታላቅ ወንድሙ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ሚስትና አራት ልጆች ጥሎ ነው የሄደው። በኑዌር ወግ የሟች ወንድም ወደ ሟች ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ልጆች ሁሉ የሟች ይባላሉ፤ ሴቲቱም የሟች ሚስት እንደሆነች ትኖራለች። ስም እንዳይጠፋ ነው። ሽማግሌዎቹ «ግባ» አሉት። ጥቅስ ይዘዋል፤ ዘዳግም ምዕራፍ 25 ወንድሙ ያለ ልጅ የሞተበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል፣ መጽሐፈ ሩትም አለ። የጉባኤው አገልጋዮች ደግሞ «ሚስት አለህ፤ ብትገባ ከአገልግሎት ትወጣለህ» አሉት። እነሱም ጥቅስ አላቸው፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ አንድ ሚስት ባል የጻፈው። «ወጉን የያዙት መጽሐፍ ይጠቅሳሉ፣ መጽሐፉን የያዙት ከአሜሪካ የመጣ ወግ ይጠቅሳሉ። እኔ መሀል ቆምኩ» አለኝ። እስከዚያው ድረስ የወንድሙ ልጆች ትምህርት አቋርጠው ነበር። አገልጋዮቹ «አትግባ» አሉ እንጂ ማን ያብላቸው አላሉም። ሽማግሌዎቹ «ግባ» አሉ እንጂ ሴቲቱ ትፈልገው እንደሆነ አልጠየቁም።

«አንድ ሌሊት ዘዳግምን ደግሜ አነበብኩት» አለ። «መምህር፣ ክፍል ውስጥ 'ማን ነው የሚናገረው ብላችሁ ጠይቁ' ይሉን አልነበር? ጠየቅኩ። እዚያ ቦታ ላይ ወደ አደባባይ ወጥታ ለሽማግሌዎች የምትናገረው ሴቲቱ ናት! እኛ ጋ ግን ሁሉም ተናግሯል፤ እሷ ብቻ ቀርታለች።»

በማግሥቱ ሄዶ ጠየቃት። መልሷ ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር። ባል አልፈልግም፤ ከዚህ ቤት ግን አታስወጡኝ፤ ከብቶቹን አትካፈሉብኝ፤ ልጆቼ በአባታቸው ስም ይጠሩ፤ ይማሩ። እሱም ይህንኑ ይዞ ወደ ሁለቱም ወገን ሄደ። ሽማግሌዎቹ አኮረፉ። የጉባኤው ሰዎች ተጠራጠሩ፤ በጓሮ በር ሊገባ ነው ያሉም ነበሩ። ነገሩን የቋጩት እኚያ ዛፍ ሥር ያገኘኋቸው አዛውንት ናቸው። «ወጉ የተሠራው ስሙ እንዳይጠፋ ነው። ስሙ ካልጠፋ፣ ልጆቹም ካልተራቡ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ተነሡ።

ዛሬ የተማሪዬ ደሞዝ ግማሹ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። «ሚስቴ ትታገሠኛለች፤ ግን በየወሩ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ ያጥራል» ብሎ ሳቀ። ጫማውን አየሁት። ሳቁን የሚያህል አልነበረም።

ያን ማታ ሆቴል ገብቼ ማርቆስ ምዕራፍ 7ን እንደገና አነበብኩ። ሁልጊዜ «መጽሐፍ በትውፊት ላይ» ተብሎ የሚጠቀስ ቦታ ነው። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው። ሰውየው አባቱንና እናቱን የሚረዳበትን ገንዘብ «ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ተስያለሁ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለወላጆቹ ምንም አያደርግም። ፈሪሳውያኑም ስእለቱ ይጽና ይላሉ። እነሱም ቢሆን ጥቅስ አያጡም ነበር እኮ! ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 የተሳለ ሰው ቃሉን አይሻር ይላል። እንግዲህ ሁለቱም ወገን መጽሐፍ አለው። ጌታ የቆመው እናት ከምትራብበት ንባብ በተቃራኒ፣ እናት ከምትበላበት ንባብ ጋር ነው። ጥቅሱን ስትመዝ ከጥቅሱ ወዲያ ማን እንደቆመ እይ፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እይ። ወጉንም እንደዚሁ። ለእኔ ከዚያ ምዕራፍ የወጣልኝ መለያ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ያለው ሰው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ወጣቱ ሰባኪ የሚያድነው የልጆች ነፍስ ነበረው፤ ጥፋቱ እውነተኛውን ምክንያት በጥቅስ መሸፈኑ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ማታ ቡና ላይ ጥቅሱን ስመዝ የማድነው ሰው አልነበረኝም። መማሬ እንዲታወቅልኝ ብቻ ነበር። የከፈለችው እናቴ ናት።

*

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ዘሌዋውያን 19ን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመጀመሪያው አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ተከራካሪ ከመሀል ነው የሚጀምረው። ምዕራፉ ሲከፈት፣ ገና ቁጥር 3 ላይ፣ ሰው ሁሉ እናቱንና አባቱን እንዲያከብር ያዛል። ያውም እናትን አስቀድሞ። ቁጥር 32 ደግሞ ለሽበታም ተነሥ፣ ሽማግሌውንም አክብር ይላል። እኔ ሃያ አምስት ቁጥር ዘልዬ ነበር እናቴ ግንባር ላይ የደረስኩት።

ሻሿን ወደ ኋላ ልመልስላት አልችልም። አንድ ነገር ግን አደረግኩ። የቤተሰቡን ፎቶዎች የያዘውን ሳጥን አውርጄ ፈለግሁ፤ ከዚያ ማታ በፊት የተነሣችው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጓ የተቀደደ አንዲት ፎቶ ተገኘች። እናቴ በሻሿ ሥር ፀጉሯ እስኪታይ ድረስ ግንባሯን ገልጣ ቆማለች። መስቀሉ ጥርት ብሎ ይታያል። አስጠግኜ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አቆምኳት።

ትንሿ ልጄ አየችና «አባዬ፣ አያቴ ግንባሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ምንነቱን ነገርኳት። ማን እንደነቀሳት፣ ለሦስት ቀን ፊቷ አብጦ እንዳላለቀሰች ነገርኳት። መጽሐፉ ምን እንደሚልም አነበብኩላት፤ ከቁጥር 1 ጀምሬ። ከዚያ እኔ ያደረግሁትንም ነገርኳት።